በስምንት ሰዓት የተቆጠረ ላብ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ በቴሌግራም ጽሑፍ ላከልኝና ከሥሩ «እንጀራህን ሊነጥቅህ የመጣ ሰው አለ፣ አንብበው» ብሎ ጻፈልኝ። አነበብኩት። ጸሐፊው ወጣት የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ለአጭር ሥልጠና ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ መጥቶ ሳለ የኮምፒውተር ላቦችን ተዘዋውሮ አይቷል፤ ሲመለስም ላብ የሚባለው ነገር ዘመኑ ስላለፈ ይዘጋ ብሎ ጽፏል። እንደ እሱ አባባል ላቦቹ ባዶ ናቸው፤ ተማሪው ስልክና ላፕቶፕ አለው፤ ሶፍትዌሩ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ወጥቷል፤ ውጭ አገር ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች ከዘጉ ቆይተዋል፤ ያሉን ማሽኖች አሮጌ ናቸው፤ ለመብራትና ለጥገና የሚወጣው ገንዘብ የላፕቶፕ ብድር ቢሆን ይሻላል። የመውጫ ፈተናው ደግሞ በዓመት ጥቂት ቀን ስለሆነ ሌላ መላ አይጠፋለትም።

እኔ የላብ ቴክኒሻን ነኝ። በዚህ በምሥራቁ በኩል ካሉት ግቢዎች በአንዱ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ለደሞዝህ ነው የምትሟገተው የሚለኝ አይጠፋም፤ ይበል፣ እውነት አለበት። ደግሞ «አንተ» ብዬ ስለምጽፍልህ እንዳይከፋህ። ድሬ ነው፤ እዚህ ለአባትም ለአለቃም «አንተ» ነው፣ ንቀት የለበትም።

ከቆጠራው ልጀምር፣ ምክንያቱም የጽሑፍህ መሠረት እሱ ነው። አርባ ኮምፒውተር ባለበት ክፍል ስድስት ተማሪ ብቻ አገኘሁ ብለሃል። ሐቀኛ ሰው ስለሆንክም ሰዓቱን ጽፈሃል፦ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል። አቦ! በዚያ ሰዓት ድሬ ውስጥ ማን ቁጭ ብሎ ይሠራል? ከከዚራ ሰፈር ልጆች አንዱን ብትጠይቅ ይነግርህ ነበር። ሱቁ ገርበብ ይላል፣ ባጃጁ ጥላ ፈልጎ ይቆማል፣ ሽርጡን ያገለደመው ምንጣፍ ላይ ጋደም ይላል፣ የሚቅመውም በርጫው ላይ ነው። ተማሪው ከዚህ የተለየ ፍጡር አይደለም። ያን ቀን ስድስት ማግኘትህ ራሱ እኔን አስገርሞኛል።

ድሬ ላይ «ላብ» ስትል ሁለት ነገር መሆኑንም አትርሳ። አንድ ዴስክቶፕ ከነሞኒተሩ 100 ዋት ገደማ ይወስዳል። አርባው ሲበራ 4 ኪሎ ዋት ይሆናል፣ ያም መጨረሻው ሙቀት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ የሚወስደው ከዚህ ብዙም አይለይም። እንግዲህ ግንቦትና ሰኔ ላይ ውጭው 35 ዲግሪ ሲያልፍ፣ በር የተዘጋ ክፍል ውስጥ ምጣድ ጥደህ አርባ ሰው አስቀምጥ። እኛ ጋ ሁለት ኤሲ ነበሩ፤ አንደኛው ውሃ ማንጠባጠብ ከጀመረ በኋላ ሥሩ ባልዲ አስቀመጥን፣ ከዚያም ለኮምፒውተሮቹ ፈርተን አጠፋነው።

ዋናው ግን ሙቀቱ አይደለም። ላቡ የሚከፈተው በመንግሥት የሥራ ሰዓት ነው፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ይከፈታል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይቆለፋል። ተማሪው ደግሞ በእነዚያ ሰዓታት ክፍል ውስጥ ነው። እሱ ነፃ ሲወጣ፣ ፀሐይዋም ስትበርድ፣ እኔ ቁልፌን ይዤ ሰርቪስ ለመያዝ እሮጣለሁ። አንድ ሴሚስተር ላይ አንድ የዲፓርትመንት ኃላፊ ፈቅዶልን እስከ ሌሊቱ አራት ሰዓት ከፍተን ነበር። የመመዝገቢያ ደብተሩ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው አለቀ። አንድ ወንበር ለሁለት የሚቀመጡ ነበሩ፣ ቆመው ተራ የሚጠብቁም ነበሩ። ለምን ቆመ ብትለኝ፣ መጀመሪያ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ማን ይፈርም በሚለው ነው፤ ቀጥሎ ሁለት ማውስና አንድ ራም ጠፋ፣ ከዚያ በኋላ ማንም ኃላፊነት መውሰድ አልፈለገም። ሌብነቱን አልደብቅህም። ግን ላይብረሪም መጽሐፍ ይጠፋበታል።

ስለዚህ ባዶ ክፍል አየሁ ስትል እውነትህን ነው፤ ባዶ ያደረገውን ስትፈርድ ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነብህ። ሰዓቱን የሚወስነው ሌላ፣ ጥበቃ የማይመድበው ሌላ፣ የሚዘጋው ግን ላቡ።

ወደ ስልክና ላፕቶፑ ልለፍ። ተማሪው ሁሉ ስልክ አለው፤ ልክ ነህ። ላፕቶፕም ከበፊቱ በዝቷል። የሶፍትዌር ምህንድስናና የኮምፒውተር ሳይንስ ልጆች ሦስተኛ ዓመት ሲደርሱ ብዙዎቹ እንደ ምንም ብለው ይገዛሉ፤ ወንድም ወይ ዘመድ ከውጭ ይልካል፣ ወይ ታይዋን ገበያ ገብተው ያገለገለ ፈልገው ይከራከራሉ። አንተ ያየኸው እነሱን ነው። እኔ ጋ የሚመጡት ሌሎቹ ናቸው። ተማሪ ወደ ግቢ የሚመደበው ከመላ አገሪቱ ነው፤ አልጋው ሥር ያለው ሻንጣ ብቻ የሆነ ልጅ ዶርም ሞልቷል።

ባለፈው ዓመት አንድ የጂሲ (ተመራቂ) ተማሪ፣ የኢኮኖሚክስ ልጅ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በስልኩ ጽፎ መጣ። ሃምሳ ገጽ። በአውራ ጣት። ለማተም ፋይሉን በኮምፒውተር ስንከፍተው ሠንጠረዡ ሥዕሉ ላይ ወጥቶ ተኝቷል፣ ማውጫው በእጅ በነጥብ የተሞላ ስለሆነ እያንዳንዱ መስመር ሌላ ቦታ ተሰብሯል። ቁጭ አልንና ሄዲንግ ምን እንደሆነ፣ ማውጫ ራሱን በራሱ እንዴት እንደሚሠራ አሳየሁት። ያ ልጅ አራት ዓመት ተምሮ ሊወጣ ሦስት ሳምንት ሲቀረው «ታብ» የሚለውን ቁልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫነ። ሰነፍ አልነበረም፤ ሬግሬሽን የሚባለውን የስታቲስቲክስ ስሌት ያስረዳኝ እሱ ነው። ባንክ ሲቀጠር ግን ኤክሴል ነው የሚከፍቱለት።

ይህን ስጽፍ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሁሉ የሚወስደው የኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ኮርስ ትዝ አለኝ። ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ፣ ስለ ብሎክቼይን፣ ስለ ኢንተርኔት ኦፍ ቲንግስ ይማራሉ። ከሞጁል ላይ። ኮፒ ተደርጎ በስቴፕለር ከተመታ ሞጁል። ይህን ያልኩት መምህራኑን ለመውቀስ አይደለም፤ መቶ ሃምሳ ተማሪ ይዘህ የት ትወስዳቸዋለህ?

ሦስተኛው ነጥብህ ከሁሉም የተሻለው ነው፣ በከፊልም እስማማለሁ። ፓይተን ለመማር ዛሬ ላብ የግድ አይደለም። ኮላብን በብሮውዘር ከፍተህ የጉግልን ማሽን በነፃ ትጠቀማለህ፤ ሰነድም በኢንተርኔት በጋራ ይጻፋል። ሃምሳ ሰው ተደርድሮ ወርድ የሚማርበት ክፍል ይቀንስ ብትል ኖሮ ፊርማዬን ከሥሩ አኖርልህ ነበር። አንተ ግን «ሁሉ» አልክ። የሲቪል ተማሪ የሕንፃ ዲዛይን የሚሠራበትን ኢታብስን በስልክ አይከፍትም። የካርታ ሶፍትዌሩ አርክጂአይኤስ ፕሮ የሚሠራው በዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው፣ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም ይፈልጋል፣ ያም ለመንቀሳቀስ ያህል ነው። የኔትወርክ ተማሪ ኔትወርክን ስክሪን ላይ በሚያስመስለው በፓኬት ትሬሰር መለማመድ ይችላል፣ ጥሩ ፕሮግራም ነው፤ ግን ስክሪን ላይ ያለ ኬብል አይፈታም። እውነተኛውን ኬብል ስምንቱን ሽቦ በቀለም ደርድሮ ጫፉን የሚቆነጥጠው፣ ተሳስቶ ደግሞ ቆርጦ የሚጥለው ላብ ውስጥ ነው። ብሎኑን ፈትቶ ፓወር ሰፕላይ የሚቀይረውም እዚያው ነው።

«በስልክ ይማሩ» ስትል የጠቀስከው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ደግሞ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ሲጀመር ደስ ያለኝ ሰው ነኝ፤ ትምህርቱም በእርግጥ በስልክ ይታያል። ነገር ግን ከኮርሶቹ አንዱ የአንድሮይድ መተግበሪያ መሥራት ነው። መሥሪያውን አንድሮይድ ስቱዲዮን ለመጫን ብቻ ብዙ ጊጋባይት ታወርዳለህ፣ ስልክን የሚያስመስለውን ኢሙሌተር ካስነሳህ አራት ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ይታነቃል። በስልክ ቪዲዮውን አይቶ፣ በስልክ ጥያቄውን መልሶ፣ በስልክ ሰርተፊኬቱን ያገኘ ልጅ አውቃለሁ። አንድም አፕ አልሠራም። ሰርተፊኬቱን በሲቪው ላይ እንዳስገባም ነግሮኛል፤ እኔ ምን እላለሁ።

የዳታው ዋጋ ላይ አልቆይም። ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ኔትወርኩን ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከረው እዚሁ ድሬ ላይ ስለነበር ምርጫ በማግኘት ከብዙ ከተማ ቀድመናል። ሆኖም ተማሪ ፓኬጅ የሚገዛው በቀን ሒሳብ ነው፤ ሦስት ጊጋ ሶፍትዌር በካርድ ለማውረድ የደፈረ አላየሁም። ላብ ውስጥ አንድ ጊዜ አውርጄ በፍላሽ ለአርባው እጭናለሁ።

ወደ ውጭ አገሩ ምሳሌ ስመጣ፣ በአሜሪካ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2009 የጋራ ላቦቹን ደረጃ በደረጃ እዘጋለሁ ማለቱን ጠቅሰሃል። እውነት ነው፣ ብሏል። ግን ለምን እንደወሰነ የሚናገረውን አረፍተ ነገር ዘልለኸዋል። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ2007 የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎቹን ሲቆጥር ከ3,117 መካከል የራሳቸው ኮምፒውተር ያልነበራቸው አራት ነበሩ። አራት መቶ አላልኩም፤ አራት። መጀመሪያ ላፕቶፑ ገባ፣ ከዚያ ላቡ ወጣ። አንተ የምትለው ላቡ ይውጣና ላፕቶፑ በብድር ይመጣል ነው። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል።

ብድሩን ካነሳን እስክሪብቶ እንያዝ። ከሐምሌ 2016 በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ የምንዛሪ ሥርዓቱ ከተለወጠ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ 130ን አለፈ። ላፕቶፕ ደግሞ የሚመጣው በዶላር ነው። አባቱ ጫት ወይ ድንች ሸጦ የላከውን ልጅ፣ የትምህርት ወጪ መጋራቱን ዕዳ ሳይከፍል፣ ሌላ ዕዳ ፈርም ልትለው ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። አሁን የላቡን ሒሳብ ተመልከት። አርባ ኮምፒውተር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ሌሊቱ አራት ሰዓት፣ አሥራ አራት ሰዓት ቢከፈት፣ በቀን 560 የወንበር ሰዓት ይሰጣል። ለአንድ ተማሪ ሁለት ሰዓት ብትመድብ 280 ተራ ነው። በዚያው አርባ ማሽን ዋጋ አርባ ላፕቶፕ ብትገዛ አርባ ተማሪ ይደሰታል፣ ሲመረቁም ይዘውት ይሄዳሉ። 280ውን ሁልጊዜ እንሞላለን አልልህም፤ መብራት ይሄዳል፣ ማሽን ይሞታል። ግማሹን ብንሞላ እንኳ ሒሳቡ አይገናኝም።

ይህን የድሬ ሰው ለማስረዳት ብዙ አያስቸግርም ነበር። ከተማዋን የቆረቆራት ባቡር ነው፤ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ አብሮት ወርክሾፕ መጣ። በዚያ ወርክሾፕ የፈረንሳይኛ የዕቃ ስም እየጠራ ብረት መቁረጥ የለመደ ስንት ሰው ወጣ። ተለማማጁ ሁሉ የራሱን ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ተበድሮ ይግዛ ያለ አልነበረም።

ገንዘብ ባክኗል ማለትህ ላይ ግን አልከራከርህም፣ እንዲያውም እጨምርልሃለሁ። መቶ ኮምፒውተር ሲገዛ አንድ መለዋወጫ ፓወር ሰፕላይ አብሮ አይገዛም። ዲቫይደሩ ከሱቅ የተገኘው ርካሹ ነው፤ በዓመቱ ይቀልጣል። ዩፒኤሱ ባትሪው ሲሞት ባትሪ ብቻ መቀየር ሲቻል ዩፒኤሱ እንዳለ ንብረት ክፍል ይገባል፣ ከገባ አይወጣም። የእኛ ንብረት ክፍል ውስጥ ከላቡ ይልቅ ብዙ ሞኒተር አለ። ስለዚህ ጽፈህ ቢሆን ኖሮ ይህን ምላሽ ሳይሆን ምስጋና ትቀበል ነበር።

ማሽኖቹ አሮጌ ናቸው ያልከውም ቀላል ነገር አይደለም፣ ምናልባትም አንተ ከገመትከው ይብሳል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ በታች ያለ ፕሮሰሰር በይፋ አይቀበልም፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደህንነት ቺፕም ይጠይቃል። እኔ ከማስተዳድራቸው ማሽኖች አብዛኞቹ ስድስተኛና ሰባተኛ ትውልድ ናቸው። ይጣሉ? አይጣሉም። ሃርድ ዲስኩን በፈጣኑ ኤስኤስዲ ስትቀይረው፣ ራሙን ከአራት ወደ ስምንት ስታሳድገው፣ ለመነሳት አምስት ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ማሽን ሻይህን ሳትቀምስ ይነሳል። ለፕሮግራሚንግ ክፍሉ በዊንዶውስ ፋንታ ነፃውን ኡቡንቱ ጫንኩ፤ ተማሪዎቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ፣ አሁን ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ እኔን ይቀድሙኛል። ፍላሽ እየዞረ ያስቸግረን የነበረው የሾርትከት ቫይረስም ከዚያ ክፍል ጠፋ። የኢታብስና የአርክጂአይኤስ ልጆች ግን ዊንዶውስ ያስፈልጋቸዋል፤ ለእነሱ አዳዲሶቹን አሥራ ሁለት ማሽኖች ለይተን ሰጠን፣ አሮጌዎቹ ዊንዶውሶች ከኢንተርኔት ተነቅለዋል። ቆንጆ መፍትሔ አይደለም፣ ግን ይሠራል።

ለነገሩ እኔም ላቡ እንደነበረ ይቀጥል አላልኩም። ብጠየቅ ከአርባው ጠረጴዛ አሥራ አምስቱን አንሥቼ ሶኬትና ዋይፋይ ብቻ ያለው ረጅም ጠረጴዛ አስገባ ነበር፤ ላፕቶፕ ያለው ከሌለው ጎን ይቀመጥ። አሁንም የሚሆነው እሱ ነው። ስህተት ሲገጥማቸው እኔን አይጠሩም፣ ጎናቸው ያለውን ይጎነትላሉ፤ ኦሮምኛው፣ ሶማሊኛው፣ አማርኛው ተደባልቆ ኮዱ ይታረማል። ዶርም ውስጥ ብቻውን ስልኩ ላይ ያጎነበሰ ልጅ የሚጎነትለው የለም። ክፍሎቹ ለመምህራን ቢሮ ይሁኑ ያልከውን ባልደረቦቼ ወደውታል፤ እኔ አልፌዋለሁ።

የቀረው ፈተናው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ወስዶ 50 ከመቶ ማምጣት አለበት፣ ፈተናውም በኮምፒውተር ነው። የግል ኮሌጅ ተማሪዎችም እኛው ጋ መጥተው ይፈተናሉ። ከ2016 ወዲህ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም በከፊል በኮምፒውተር ሆኗል። አንተ ይህን «በዓመት ጥቂት ቀን» ብለህ አለፍከው። የፈተናው ቀናት ጥቂት ናቸው፤ ዝግጅቱ ግን ሳምንታት ነው። ማሽኑ ይፈተሻል፣ ኔትወርኩ ይዘረጋል፣ ጄነሬተሩ ይሞከራል፣ ከዚያ ተማሪ እንዳያበላሸው ተብሎ ይቆለፋል። ከአንድ ፈተና ወደ ሌላው ስንሸጋገር ላቡ ለመማሪያ የሚከፈትበት ጊዜ እያጠረ መጥቷል። አንተ ወደፊት ይሁን ያልከው መዝጋት በዚህ በኩል ከተጀመረ ቆይቷል፣ ማንም ሳይወስነው።

ባለፈው ሐምሌ፣ በ12ኛ ክፍል ፈተና ዋዜማ፣ ተማሪዎቹን ለገለጻ አስገባናቸው። ከገጠር ወረዳ የመጣች አንዲት ልጅ ማውሱን ከጠረጴዛው አንሥታ አየር ላይ ወደ ስክሪኑ አነጣጠረችው። ጎኗ ያለው ሳቀ። መልሼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እጇን በእጄ ይዤ አንድ ሁለቴ አንቀሳቀስኩላት። ገለጻው አልቆ ሌሎቹ ሲወጡ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ጋሼ፣ ትንሽ ልለማመድ?» አለችኝ። ክፍሉ በዚያ ሰዓት መታሸግ ስላለበት ሁለት ፖሊሶች ወረቀቱንና ማጣበቂያውን ይዘው ቆመዋል። ነገ ጠዋት ነይ አልኳት። ጠዋት ሲከፈት ፈተናው ነበር።